ለአፍ እንዲመች

እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። መጋረጃው ድርብ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ በሚስማር ወጥራበታለች፣ እንዲያም ሆኖ የጧቱ ብርሃን በጠርዝ በጠርዙ እየሾለከ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተጋድሟል። ሌሊቱን ሙሉ በትልቁ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆማ ያደረችበትን እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሌላው ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ጸሎት እንደሚደግመው እሷ ኤል፣ ላ፣ ሎስ፣ ላስ ትላለች፣ ከዚያ ኡን፣ ኡና፣ ኡኖስ፣ ኡናስ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ስፓኒሽ የሚሉት ቋንቋ ያለነዚህ ቁርጥራጭ ቃላት አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ዕቃ ሁሉ ከፊት ከፊቱ የምትሄድለት አንዲት ቃል ትፈልጋለች፣ ወንዱ የወንድ፣ ሴቷ የሴት፣ ለብዙውም እንደዚሁ። በሩ ሴት ነው፣ መስኮቱ ሴት ነው፣ መስታወቱ ወንድ ነው፣ ማንኪያዋ ሴት፣ ሳሙናው ወንድ። ጀማሪዎችን የሚያስተምሩት አሮጊት መምህር ቤታችሁ ያለውን ሁሉ ስሙን ጽፋችሁ ለጥፉበት ስላሉ፣ ወንዱን በሰማያዊ ሴቷን በቀይ ብዕር እየጻፈች ክፍሏን ከጣሪያ እስከ ወለል ለጥፋበታለች፣ የመጣ ሰው ቢያይ ጨረታ የወጣ ቤት ይመስለዋል፣ የሚመጣ ሰው የለም እንጂ። አምስት ሰዓት ላይ ስልክ መደወል አለባት። አሁን ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ደውላ ለአንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ እትዬ እያለች ላደገች ልጅ፣ እኔ እህትሽ አይደለሁም፣ የወለድኩሽ እኔ ነኝ ልትላት ነው። ይኼው ነው ጉዳዩ። ተገላብጣ ብታየው፣ በግራ ብትተኛ በቀኝ ብትተኛ፣ ከዚህ አያልፍም። ልጅቷ፣ ቤት ሙሉ ሚጣ የሚላት ልጅ፣ ነገ ጧት አገር ቤት ባለው ቢሮ ቀርባ ከአፏ ውስጥ በጥጥ ምራቅ ይወሰድላታል፣ ያ ጥጥ እዚህ ከእሷ ከተወሰደው ጥጥ ጋር ይገናኛል፣ ከተስማሙ እናትና ልጅ ናቸው ይባልና በሩ ይከፈታል። ካልቀረበች ፋይሉ ይዘጋል፤ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ የላከው ደብዳቤ ይህን በደማቁ ጽፎታል። ልጅቷ ደግሞ ትልቅ ሆናለችና ራሷ መፈረም አለባት፣ የምትፈርምበት ወረቀት ላይ «እናቷ ነኝ የምትለው ሴት» ተብሎ የእትዬ ስም ሰፍሯል። አታልሎ ማስፈረም አይቻልም። ቢቻል ኖሮ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ታታልላት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ወር ነው። ሚጣን ለቃለ መጠይቅ ጠሩዋት፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ሄደች፣ አንዲት ትሁት ሴት አራት ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችላትና «እናትሽ የትኛዋ ናት?» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗን ሳታሽ የአያቷን ፎቶ አነሳች። «ይህችኛዋስ?» ስትባል፣ «እትዬ ናት፣ እህቴ፣ ውጭ ነው ያለችው» ብላ ፈገግ አለች። ፈገግ ማለቷ ሁሉ በደብዳቤው ተጽፏል፣ እነዚህ ሰዎች የማይጽፉት ነገር የለም። የልደት ወረቀቱም እንደ ልጅቷ መሰከረ፤ የሚጣ የአባት ስም የእሷው የራሷ የአባት ስም ነው፣ ስማቸው ጎን ለጎን ሲነበብ ሁለቱ ሴቶች የአንድ አባት ልጆች ናቸው። እዚህ ያለው ቢሮ ይህን ሲያይ ምን ይበል? እህቷን ልጄ ብላ ልታስገባ ነው አለ። ልክ ነው፣ እሷም በእነሱ ወንበር ብትቀመጥ እንደዚያው ትል ነበር።

ማን ነው ጥፋተኛው፣ ማን ነው፣ ብላ ጥርሷን ነክሳ ስትፈልግ ሁልጊዜ እዚያው አባቷን፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀምጦ የሚጣን መመዝገቢያ ቅጽ ሲሞላ ታገኘዋለች። አስረኛ ክፍል ነበረች። መንገድ ሊቀይስ የመጣ ሰው ነበር፣ ባለሦስት እግር መነጽሩን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አገሩን ሲለካ የሰነበተ፣ መንገዱን ለክቶ ሲጨርስ በዚያው በለካው መንገድ የሄደ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። እሷ ወለደች፣ እማዬ ሕፃኗን ተቀብላ ታጥባ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገቻትና «ይህች የእኔ ናት፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለች። ትምህርት ቤት ማስገባት ሲመጣ አባቷ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ስሟን በስሙ አስመዘገበ፣ ሰፈሩም አወቀ፣ አወቀና ዝም አለ፣ ዝም ማለት የሚያውቅ ሰፈር ነው ሲፈልግ። ሚጣ አፏን ስትፈታ አያቷን እማዬ፣ እናቷን እትዬ አለች። እሷ ራሷም እማዬን የምትጠራት እማዬ ብላ ነው፣ እና ሁለቱም «እማዬ!» ብለው በአንድ ጊዜ ሲጣሩ እማዬ «ወዬ!» የምትለው ለሁለቱም ነበር። እንዴት ደስ የሚል ቤት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ የሚል ቤት ነበር።

ሦስት ሰዓት። ተነስታ ውሃ ጠጣች። ጆጉ ላይ «ኤል አጉዋ» የሚል ወረቀት አለ፣ በሰማያዊ የተጻፈ፣ ጥጉ ላይ ግን ትንሽ ቀይ ነጥብ አድርጋበታለች። ውሃ ሴት ናት። ሴት ሆና ሳለ የወንዱን ኤል ይዛ ትሄዳለች። ለምን ብላ እጇን አውጥታ ጠየቀች፣ በሰባት ወር የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ይኼ ነው፣ መምህርቷም መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ላ ብለሽ አጉዋ ስትዪ ሁለቱ አ ድምፆች ይጋጫሉ፣ ለአፍ አይመችም፣ ለአፍ እንዲመች ብለን ነው ኤል የምንላት፣ እሷ ግን ሴትነቷን አትረሳም፣ ብዙ ስትሆን ተመልሳ ላስ ትባላለች አሉ። ሌላው ተማሪ ጻፈ። ከኋላዋ የተቀመጠው ሾፌሩ፣ አገር ቤት ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ አሁን እዚህ ዕቃ የሚያወርድ የአገሯ ሰው፣ «ውሃዋንም አስመዝግበው በሰው ስም አደረጓት» ብሎ በአማርኛ አንሾካሾከና ሊያስቃት ፈለገ፣ እሷ ግን ደብተሯ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ለአፍ እንዲመች። የእኛም ቤት ለአፍ እንዲመች ነበር።

ደግ ናቸው ሴትዮዋ። ኡናንና ላን ሲያስረዱ ከቦርሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ከፍ አደረጉና «ኡና ያቤ» አሉ፣ አንዲት ቁልፍ፣ ገና አታውቋትም፤ ሁሉም ካየ በኋላ «ላ ያቤ»፣ ቁልፏ፣ አሁን ተዋውቃችኋል። ሾፌሩ «እኛ ጀርባው ላይ አንድ ፊደል ለጥፈን ቁልፉ እንላለን፣ እነዚህ ደግሞ ጋሪውን ከፈረሱ ፊት ያስቀድማሉ» ብሎ ክፍሉን በማያውቀው ቋንቋ አሳቀ። ከዚያ ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ተባለ። ሌሎቹ ሽው ሽው አደረጉት። እሷ ብዕሯን ይዛ ቀረች፣ ልጅ አለኝ ማለት ነው የሚያስፈልጋት፣ ለቢሮው በአስተርጓሚ ተናግራለች፣ ያ ግን የሌላ ሰው አፍ ነው፣ በራሷ እጅ በየትኛውም ፊደል ጽፋው አታውቅም። «ቴንጎ ኡና ኢኻ» ብላ ጻፈች። አንዲት ልጅ አለችኝ። መምህርቷ መጡ፣ አዩ፣ ቀይ ምልክት አደረጉላትና በትልቁ ድምፃቸው፣ ላ ኢኻ ስንት ዓመቷ ነው፣ አሉ። ልጅቷ። ዐሥራ አንድ ሰው ሰማ። ጣሪያው ወርዶ የሚጫናት መስሏት አንገቷን ቀበረች፣ ጣሪያው ግን ባለበት ነበር። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ በአውቶቡስ መስኮት እያየች ብቻዋን ሳቀች፣ ከጎኗ ያለችው ሴት ቦታ ቀየረች።

ሦስት ሰዓት ተኩል። ተኚ፣ ተኚ እንጂ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ አንሶላ አለ። አንሶላ የማያልቅ ነገር ነው። ከትልቁ ካውያ ትኩስ እየሆነ ይወጣል፣ እሷ በአንድ ጫፍ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማታውቀው ሴት በሌላው ጫፍ፣ ይወጥሩታል፣ ይራገፋል፣ ጥግ ለጥግ ይገጥማል፣ ይራመዳሉ፣ እጅ ለእጅ ይነካካሉ፣ ይለያያሉ፣ ሌላ አንሶላ። በሌሊት አራት መቶ ጊዜ ከአንዲት ሴት ጋር እየተጠጋጋች ትለያያለች። ሚጣ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ በር ላይ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዛ፣ «እትዬ ስትመለሺ ምን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?» አለቻት፣ እሷም እየሳቀች «ምን ላምጣልሽ?» አለች፣ ልጅቷ አስባ አስባ «በእጅ የምትዞር እርሳስ መቅረጫ» አለች። ያኔ ነበር መናገር። ያኔ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ብትነግራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ደውላለች፣ ስምንት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ ስንተኛ ወጣሽ፣ እማዬን ታግዣታለሽ፣ እየተባለ ስልኩ ተዘግቷል፤ ዛሬ እነግራታለሁ ብላ ሳትነግራት የዘጋችውን ብትቆጥር መቁጠሪያ አይበቃትም። ፈሪ ናት። አይዞሽ የሚላት ቢኖርም ባይኖርም ፈሪ ናት።

ትናንት ለእማዬ ደውላ ነበር። «አንቺ ንገሪያት፣ እማዬ፣ አንቺን ትሰማለች» አለቻት። እማዬ «እኔማ ምን ብዬ?» አለች። «እናትሽ አይደለሁም ብዬ? በዚህ ዕድሜዬ? አንቺ ወለድሽ፣ አንቺ ንገሪ። ብትሄድልሽ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ግን እኔ አፌ አይናገረውም።» ከዚያ ድምጿ ተቀየረና፣ «ለመሆኑ ትበያለሽ? ድምፅሽ ምነው ሰለለ?» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሌላ ወሬ የሌለ ይመስል።

ሁለተኛው አልጋ እዚያው ነው፣ በመስኮቱ ሥር። ሾፌሩ ነው ከአንድ ከሚለቅ ሰው አግኝቶላት፣ አራት ፎቅ ደረጃ በጀርባው ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ያወጣላት፣ «ባለ አልጋዋ ስትመጣ ራሷ ታመስግነኝ» ያለው። በሆስፒታሉ አስተጣጠፍ አንጥፋዋለች፣ ጠርዙ ላይ «ላ ካማ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። በራሷ አልጋ ላይም አለ። ማታ ማታ ልጅቷ እዚያ ተኝታ ወረቀቶቹን እያነበበች ስትስቅባት ታያታለች፣ እትዬ ይኼ ምንድን ነው፣ ጠረጴዛን ማን አይቶ ነው ሴት ናት ያለው፣ ስትላት፣ ታያታለች። በዓይነ ሕሊናዋም እትዬ ነው የምትላት። ሌላ ስም ልትሰጣት ሞክራ አታውቅም።

አምስት ሰዓት ሆነ። ተቀመጠች። ደወለች።

«ሄሎ፣ እትዬ!»

«ሚጣ። ምሳ በላሽ?»

«በላሁ። አንቺስ? ከሥራ ገብተሽ ተኛሽ?»

«እተኛለሁ። ብቻሽን ነሽ?»

«እማዬ ጓዳ ናት። ልጥራት?»

«አትጥሪያት። ስሚኝ።» ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፣ መግቢያ ያለው፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ የሚል፣ ዘመኑ እንዲህ ነበር የሚል። አንዱም በአፏ አልመጣም። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ እናትሽ።»

በሩቅ የብረት ሳህን ሲወድቅ ይሰማል። ውሻ ይጮኻል። ልጅቷ ትተነፍሳለች።

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ።

«ምን?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። አምስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ውሃ ወረፋ ላይ ከጎረቤት ጋር ተጣልተን፣ ሴትየዋ እናትሽን እህቴ እያልሽ የምትኖሪ ብላ ሰደበችኝ። እማዬን ጠየቅኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ቁጭ አድርጋ ፀጉሬን ሠራችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም፣ የኔ እናት?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ስትደውዪ ዛሬ ነው እላለሁ። አንቺ ስንተኛ ወጣሽ ብቻ ነው የምትዪኝ። በኋላ ተውኩት።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሯ እየፋቀች እንደሆነ ያወቀችው ግማሹ ሲላጥ ነው። «ታዲያ ቢሮው... ፎቶውን ሲያሳዩሽ... እያወቅሽ ነው የእማዬን ያነሳሽው?»

«እናትሽ የትኛዋ ናት አሉኝ። አነሳሁላቸው። ውሸት አልተናገርኩም፣ እትዬ። ማን ወለደሽ ቢሉኝ ያንቺን አነሳ ነበር። አልጠየቁኝም።»

«እሺ። እሺ፣ ልክ ነሽ። ነገ ብቻ ሂጂልኝ። ጥጥ ነው፣ አያምም። ከዚያ እኔ ጋ ትመጫለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ አልጋሽ ተነጥፏል፣ በመስኮቱ በኩል ነው—»

«አልሄድም።»

«ሚጣዬ።»

«የእማዬ ግራ ዓይን አያይም አሁን። አልነገረችሽም አይደል? እንዳትነግሪያት ብላኛለች። የበሩን መቃን እየገጨች ነው የምትወጣው፣ ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ውጭ ነው የምታፈሰው። አንቺ ስትሄጂ እኔ ነበርኩላት። እኔ ስሄድ ማን አለ?»

የምትላትን ፈለገች፣ በአማርኛ ፈለገች፣ በዚያ በሚያደናቅፋት ቋንቋም ፈለገች። የልጅቷ ድምፅ ቁጣ ቢኖረው ትቆጣው፣ ትለማመነው፣ ትጣላው ነበር፤ ልጅቷ ግን የምትናገረው እማዬ እንደምትናገረው ነው፣ ቀስ ብላ፣ ነገሩን አስቀድማ በልቧ ጨርሳ። ማልቀስ ጀመረች። ማልቀስ አልፈለገችም ነበር።

«አታልቅሺ፣ እትዬ። እኔ አልተቀየምኩሽም። እውነቴን ነው። በሳምንት በሳምንት ትደውዪልኝ የለ? ሌሎቹ ይሄም የላቸውም። አሁን ተኚ በቃ። ድምፅሽ ደክሟል። ስልኩን ከራስጌሽ አርቂው፣ መጋረጃውን በደንብ ዝጊ። እሺ?»

«እሺ» አለች።

ስልኩን ከራስጌዋ አራቀች። መጋረጃውን በደንብ ዘጋች። የታዘዘችውን ሁሉ አደረገችና እንቅልፍ አልመጣም፣ ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስታ ፊቷን ታጥባ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች፤ ከክፍል መቅረት ለቢሮው ይነገራል፣ ልማድ ደግሞ እግርን ራሱ ይወስዳል። ሾፌሩ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ «እህ፣ ሚጣ ለነገ ተዘጋጀች?» አላት። ፊቷን አየ። በሩን ከፍቶ አሳለፋት።

መምህርቷ ወሩ ስላለቀ ያለፈውን እንከልስ አሉ። ስለ ቤተሰባችሁ አራት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቱ በኡን ወይም በኡና፣ ሁለቱ በኤል ወይም በላ። ወረቀቱን ከፊቷ አስቀመጠች። «ቴንጎ» ብላ ጻፈች። አለኝ። ብዕሯ ቆመ። ነገ ቢሮው ፋይሉን ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያ ማንም ልጅ አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቃትም፣ ብትልም ወረቀቱ የላትም፣ ልጅቷ ራሷ እናቷን መርጣ አሳይታለች፣ ያሳየችውም ልክ ነው። አባቷ ቅጹ ላይ እንዳጎነበሰ ትዝ አላት። ያን ቀን እንዲህ ነበር እንዴ የጻፈው፣ ሳይጠላ፣ ሳይዋሽም ማለት ይቻላል፣ ቤቱን እንዳለ ለማቆየት ብሎ? ስታስበው አንድም ቀን አልጠየቀችውም፣ ሞቷል አሁን። ቴንጎ ኡና ማድሬ፣ አንዲት እናት አለችኝ። ቴንጎ ኡና ኤርማና፣ አንዲት እህት አለችኝ። ከሥሩ ደግሞ፦ እናቲቱ ቤት ናት፣ እህቲቱ ትማራለች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

መምህርቷ በየወንበሩ እየዞሩ መጡ። አጎንብሰው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ ሰባት ወር ሙሉ ቀይ ብዕራቸው እሷ ወረቀት ላይ ሲደማ ነበርና የሚታረም አጥተው ደስ አላቸው። ከሥር ዐሥር ጽፈው ከበቡት፣ ወረቀቱን አንስተው ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩ፣ «ፔርፌክቶ!» አሉ፣ እንከን የለውም። ክፍሉ እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ከኋላዋ የተቀመጠው ሾፌሩ ብቻ አላጨበጨበም።